አንኳኩተን ጀርባ የምንሰጠው በር

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ከጣሪያ ላይ ልውደቅ... ሥራዬ ደግሞ ጣሪያ መሥራት ነው፤ እንዲህ ያለ መሐላ በዋዛ አልምልም።

የሚያውቁኝ «ከኤክ ታሎክ አፍ እውነት የሚወጣው ሲያዛጋ ብቻ ነው» ይላሉ። ይበሉ። አንድ ጊዜ ባሕር ውስጥ የምትዋኝ ላም አየሁ ብዬ ግማሹን ከተማ ወደብ ላይ አሰልፌያለሁ። አልክድም። ይሄኛው ግን እንደዛ አይደለም።

ቀኑ የኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።

ሰዓቱ ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ልብ በሉ... ሌሊት አይደለም። ጨረቃ የለም፣ ጉጉት የለም። ፀሐይ ጭራሽ ወጥታ ነበር። በስኮትላንድ በኅዳር ወር ፀሐይ ማየት ራሱ ያስፈራል።

ቦታው ከተማችን ኢንቨርካርቲ፣ ጨው ጎዳና። ጎዳና ማለት ስሙ ነው እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈበት አንዱ ግድግዳ ይልሳል።

ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድጃለሁ። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ።

ከንዴት ነው።

መጀመሪያ ስለ ማኅበሩ ልንገራችሁ።

የክብር ኮንስታብሎች ማኅበር ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ነን። ፖሊስ አይደለንም፤ ሌባ ብንይዝ ሌባው ነው የሚያስረን። ረጅም ጥቁር ባርኔጣ፣ ጭራ ያለው ኮት፣ ነጭ ጓንት፣ የከተማው አርማ የተቀባበት አጭር በትር... በቃ ይኸው ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ እንሰለፋለን። ትልቅ ሰው ሲሞት እንሰለፋለን። ከዚያ እንበላለን።

የዛሬ አራት መቶ ዓመት ግን ነገሩ የባርኔጣ ጨዋታ አልነበረም።

ወረርሽኝ ከተማው ሲገባ፣ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ከውጪ የሚቆልፉት ኮንስታብሎቹ ነበሩ። የታመመውንም ያልታመመውንም አንድ ላይ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይመጡና በበትራቸው ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ።

«ስንት ናችሁ?»

ውስጥ ያሉት ቁጥራቸውን ይናገራሉ። ኮንስታብሉ ይጽፋል። ይሄዳል። በሩ ግን እስከ አርባ ቀን አይከፈትም።

ጨው ጎዳና ላይ የባሕር ውኃ እያፈሉ ጨው የሚያወጡ ድሆች ይኖሩ ነበር። ከነሱ አንዱን ቤት ቆለፉት። ሰባት ነፍስ ውስጡ አለ። ኮንስታብሉ አርባ ቀን ሙሉ ሲያንኳኳ «ሰባት» የሚል መልስ ይሰማ ነበር። መዝገቡን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ትምህርት ብዙ ባልገፋም ሰባትን ለይቼ አውቃለሁ። ሰባት... ሰባት... ሰባት... ገጹ ሙሉ።

በአርባኛው ቀን ሲከፍቱት ሰባቱም ሞተዋል።

ከሞቱም ቆይተዋል። በጣም ቆይተዋል።

ታዲያ «ሰባት» ሲል የከረመው ማነው? እዚያ ላይ መዝገቡ ጸጥ ይላል።

በሩን መልሰው ቆለፉት፤ ይኸው ከዚያን ዘመን ጀምሮ ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን እዚያ በር ላይ ይሄዳል። አዲስ ገቢው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ «ስንት ናችሁ?» ይላል። አለቃው ትንፋሽ ሳይሰጥ «ተቆጥሯል» ይላል። ከዚያ ሁሉም ባንዴ በግራ እግሩ ዞሮ ጀርባውን ይሰጣል። ከበሮው ይደበደባል፤ መልስ የሚባል ነገር እንዳይሰማ። ዞር ብሎ ያየ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይቀጣል። ከዚያ ወደ አዳራሽ... ሾርባ፣ የበግ ጥብስ፣ ዘፈን።

ይህን ነው ወግ የሚሉት። ሰው ቆልፈው ጨረሱ፤ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ደግሞ ለብሰው አጊጠው እየሄዱ ጀርባቸውን ያሳዩታል። በነጭ ጓንት።

እኔን የተቀበሉኝ የአዳራሹን ጣሪያ በነጻ ስለሠራሁላቸው ነው።

መንጎን ግን አልተቀበሉትም።

መንጎ ሬኒ የሚስቴ የሞራግ ወንድም ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ወደብ ላይ ዓሣ ያጸዳል፤ እንደሱ ቢላዋ የሚያውቅ የለም። ዘር ማንዘሩ የጨው ጎዳና ሰው ነው። ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት ሲያመለክት በባቄላ ድምፅ ሰጡበት። ነጭ ባቄላ ይግባ፣ ጥቁር ባቄላ አይግባ።

አሥራ ስምንት ጥቁር። አንድ ነጭ። ነጯ የኔ ናት።

አለቃችን ሚስተር ክሮምቢ፣ ጠበቃው፣ ባቄላዎቹን በጣቱ እየገፋ «ምን ይደረግ፣ ወንበሮቻችን ጨርቅ ናቸው። የዓሣ ሽታ ይይዛሉ» አለ።

ሳቁ። መንጎ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰማ። ለዚያ ቀን ብሎ ጢሙን ተላጭቶ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆመ።

«ኤክ፣ ይሄን ሰውዬ ሱሪው ላይ ማሸናት አለብኝ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ታንኳኩ የለ? መልስ እሰጠዋለሁ።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ላሟን ስፈጥር እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

«ሰባት ልትል ነው?» አልኩት።

«ሰባትማ ለምደውታል። ስምንት ነው የምለው።»

ስምንት። ይህን ቁጥር ከሁለታችን በቀር የሰማ የለም። ለሚስቴም አልነገርኳት። ያዙልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል መሰላል አቁመን የዚያ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣን። ክዳኑ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው። አሥራ አንዱን ነቅዬ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ከሱቅ የገዛሁትን አዲስ ሰማያዊ ገመድ ጭስ ማውጫው ላይ አሰርኩና መንጎን በቀዳዳው አወረድኩት። የከበሮውንም ቆዳ ዋዜማውን ከሥር በምላጭ ሰንጥቄዋለሁ። መልሱ እንዲሰማ ነዋ።

መንጎ መሬት ረገጠ። ከታች የእጅ ባትሪው ሲበራ ታየኝ።

ከዚያ በሹክሹክታ ጠራኝ።

«ኤክ...»

«ምን?»

«ይሄን ቤት ማነው የሚጠርገው?»

«ማን ይጠርገዋል? አራት መቶ ዓመት ማን ገብቶበት?»

«ተጠርጓል እኮ።»

ሳቅሁ። መንጎ ነዋ። ከኔ የባሰ ቀልደኛ።

«ደግሞ ይሞቃል» አለ። «ሰው የተኛበት አልጋ እንደሚሞቀው ነው የሚሞቀው።»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስድስት ሰዓት ላይ እንገናኝ።»

 ባትሪው ጠፋ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ፊት ተሰልፈናል። አዲስ ገቢው እኔ ስለሆንኩ የማንኳኳው እኔ ነኝ። ከጎኔ ሚስተር ክሮምቢ፤ የበሩ አሮጌ ቁልፍ በሰንሰለት አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ ሽማግሌው ዊሊ ጌድስ ከበሮውን ታቅፏል። ሳቄን ለማፈን ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ደም ደም ይለኛል።

አንኳኳሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

«ስንት ናችሁ?»

ሚስተር ክሮምቢ አፉን ከፈተ። ዊሊ ከበሮውን መታ። ዱላው ቆዳው ውስጥ ስምጥ አለና «ፍስስ» የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ክሮምቢ ደንግጦ ወደ ከበሮው ዞረ። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ጸጥታ ሆነ።

በአራት መቶ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ እዚያ በር ላይ ጸጥታ ሆነ።

ከውስጥ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ።

ግን ከታች ነው የተንኳኳው... ጉልበቴ አጠገብ። መንጎ ደግሞ ቁመቱን ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ከላይ፣ በአፌ ልክ፣ የመንጎ ድምፅ መጣ። አፉን ሳንቃው ላይ ለጥፎት ነው የሚናገረው።

«ኤክ...»

በትሬን ዝቅ አደረግሁ።

«ኤክ፣ ቀልዱ ይቅር። ክፈት።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰዎች አሉ። ክፈትልን።»

ክፈትልኝ አላለም። ክፈትልን ነው ያለው።

ወዲያው ከጉልበቴ አጠገብ፣ በሩ ሥር፣ ሌላ ድምፅ ተሰማ። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው። ብዙ ጮሆ እንደደከመው ሰው የጎረነነ።

«ስምንት።»

የዊሊ ጌድስ ዱላ ከእጁ ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል ሁላችንም አየነው።

ሚስተር ክሮምቢን አየሁት። ፊቱ ጓንቱን መስሏል።  ሰምቷል። ማንም መጥቶ አልሰማም እንዳይለኝ። አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ሠላሳ ስምንት ጆሮ፣ አንዱም አልደነቆረም። ውስጥ ሰው አለ። ክፈቱልን ይላል። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የቀረው።

ሚስተር ክሮምቢ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተቆጥሯል» አለ።

ሁሉም በግራ እግራቸው ዞሩ።

ዊሊ የተቀደደ ከበሮውን በመዳፉ እየመታ ሄደ። በመዳፉ። መስማት ያልፈለገ ሰው ድምፅ አያጣም። ወግ ነው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ባርኔጣቸው አንድ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ ጥግ ላይ ታጠፈ።

እኔ ብቻ አልዞርኩም።

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። መሰላሉን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ቀዳዳው የለም።

አሥራ አንዱ ድንጋዮች ቦታቸው ተመልሰዋል። ጣሪያ ሠሪ ነኝ፤ ድንጋይ ክዳን መቼ እንደተመታ በመንካት አውቃለሁ። ሚስማራቸው ብረት ቀጥቃጭ በመዶሻ የሠራው፣ የጣት ውፍረት ያለው ነው። ዛሬ እንደዛ ያለ ሚስማር የሚሠራ የለም። መጋጠሚያቸው ላይ የድንጋይ ሽበት በቅሏል።

ሰማያዊው ገመድ ግን ነበር። ከጭስ ማውጫው ተነስቶ ክዳኑ ሥር ይገባል። የድንጋይ ሽበቱ በላዩ ላይ በቅሎበታል። ጠዋት የገዛሁት ገመድ... ቀለሙ ለቆ፣ ሳስቶ፣ ሲነኩት ይበጣጠሳል።

ቀስ ብዬ ሳብኩት።

ከውስጥ ተሳበ።

በጉልበት አይደለም። ልጅ ለጨዋታ የእናቱን ቀሚስ እንደሚስበው... ሁለቴ፣ ሳብ ሳብ።

ወረድኩ። ሮጥኩ። ሞራግ ወደቡ ላይ፣ የዓሣ መደርደሪያው ኋላ ቆማለች። ፊቴን ስታየው ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ምን አደረግህ?»

«ሞራግ... መንጎ...»

«ወንድሜ የት ነው?»

«ጨው ጎዳና። እዚያ ቤት ውስጥ። ልናስደነግጣቸው ብለን...»

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል አላልኩህም? ሺህ ጊዜ አላልኩህም? ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ክሮምቢ አንገት ላይ።»

ሽርጧን ሳትፈታ ነው የሄደችው፤ የቀረውን መንገድ ላይ ነገርኳት። ቅርፊት ከነደሙ እጇ ላይ አለ።

አዳራሹ ውስጥ የበጉ ጥብስ እየተቆረጠ ነበር። ሚስተር ክሮምቢ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ ናፕኪኑን ደረቱ ላይ ሰክቷል። ሞራግ ስትገባ አንዱ ተነስቶ ሊያስቆማት ነበር፤ እጇን አይቶ ተቀመጠ።

«ሚስተር ክሮምቢ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ወይዘሮ ታሎክ፣ ይህ አዳራሽ ሴት አይገባበትም።»

«ገብቻለሁ። ቁልፉን።»

«ባለቤትሽ የታወቀ ቀልደኛ ነው። ባሕር ውስጥ ላም ያየ ሰው ነው። የሱን ቀልድ ብለን አራት መቶ ዓመት ያልተሰበረ ወግ...»

«ወንድሜ ውስጥ ነው።»

«ይህ ቁልፍ የሚንጠለጠል እንጂ የሚከፍት አይደለም» አለ፤ በትዕግስት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው።

እዚህ ላይ ሞራግ እርስዎ ማለቷን ተወች።

«ድምፁን ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

ክሮምቢ ናፕኪኑን አስተካከለ።

«ጠየቅሁህ እኮ። ክፈቱልን ሲል ሰምተሃል?»

ሁሉም ሳህን ሳህናቸውን ያያሉ። እንዲያ ያለ አሳዛኝ የሾርባ ጥናት አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሽማግሌው ዊሊ ጌድስ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሰምተናል፣ ሞራግ» አለ። «ሁላችንም ሰምተናል።»

«ዊሊ» አለ ክሮምቢ፣ «ቅጣት አለብህ።»

ሞራግ ሰንሰለቱን ጨበጠች። ስትስበው የክሮምቢ ራስ አብሮ መጣ፤ አገጩ ሾርባው ውስጥ ገባ፤ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ከአሥራ ስምንቱ አንድም አልተነሳለትም። ያን ያህል ነው የሚዋደዱት።

ስንመለስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወሬው ቀድሞን የጨው ጎዳና ሰው በሩ ፊት ተሰብስቧል፤ ግድግዳና ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኮንስታብሎቹም ቀስ በቀስ ከኋላ መጡ። ሚስተር ክሮምቢ ከረባቱ ላይ ሾርባ እንደቀረ፣ «ቁልፌን፣ ቁልፌን» እያለ።

ሞራግ ቁልፉን ከተተችው። ዝጎ ይሰበራል ብዬ ነበር።

ዘይት እንደተቀባ ዞረ።

ሲከፈት ሙቀት ፊታችንን መታን። ውስጡ ባዶ ነው። ንጹሕ ነው። መንጎ መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ሁለት እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ትንንሽ ልጆችን ግራና ቀኝ እንደያዘ ሰው። ጣቶቹ ጨበጥ ብለዋል።

ሞራግ እጇን ዘረጋችለት። «መንጎዬ... ና፣ ውጣ።»

አያት። ደህና ነበር። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

«ቆይ» አላት። «እነሱ ይቅደሙ።»

መጥቶ በሩን በጀርባው ደግፎ ያዘው። ከዚያ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ራሱን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። አንዴ። ሁለቴ። ለአንዱ ዝቅ ሲል በጣም ጎንበስ አለ፤ ለአንዱ ክንዱን ሰጠ፤ እንደ አሮጊት ደግፎ ደረጃውን አወረደ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ማንም ልቀቁ አላለም። ግን በዚያች ጠባብ ጎዳና ሰው ሁሉ ትከሻውን እየሸበሸበ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ መሐሉ ባዶ ሆነ።

መሐል ላይ የቀረው ሚስተር ክሮምቢ ብቻ ነው። «ይህ ምን ዓይነት...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ሌላ ሄደ። ጀርባው ግድግዳ ነካ። ከዚያ ቀኝ እጁ ተነሳ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱን አየሁት። ፊቱ አልፈለገም። ጥርሱን ነክሶ እጁን ሊያወርደው ይታገላል፣ እጁ አይታዘዘውም። ሁሉም እስኪያልፉ ድረስ ባርኔጣው ደረቱ ላይ ነበር።

እኔን ያለፈኝ ነገር ሞቃት ነው። ጉልበቴን ታክኮ ነው ያለፈው።

መጨረሻ ላይ መንጎ ራሱ ወጣ፤ አንድ እጁ አሁንም ወደ ታች እንደተዘረጋ። ማንንም ሳያይ እስከ ጎዳናው ጫፍ፣ ባሕሩ እስከሚታይበት ድረስ ሄደ። እዚያ ቆመ። ከዚያ ያ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰውዬ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና፣ ማንም በሌለበት ድንጋይ ላይ፣ በጥንቃቄ፣ በሁለት እጁ...

የትንሽ ጫማ ማሰሪያ አሰረ።

ይኸው ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ገመዱም፣ የድንጋይ ሽበቱም፣ የክሮምቢ እጅም። ሞራግን ጠይቋት። ዊሊን ጠይቁት።

አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬያለሁ።

እኔ ብቻ አልዞርኩም ያልኳችሁ... ውሸት ነው። ዞሬያለሁ። በግራ እግሬ፣ እንደተማርኩት፣ ከነሱ እኩል። መንጎ እየቀለደ መስሎኝ ነው እንዳልል፣ እየቀለደ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። አዳራሹ ድረስ ሄጄ ከሰው መሐል ተቀመጥኩ። ጣሪያው ላይ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሾርባዬን ጨርሼ።

ጭልፋም አስደግሜያለሁ።